«ለውጦቹ እየተሰረዙ ነው፤ ኮምፒውተርዎን አያጥፉ»፦ የተሰናከለ የኮምፒውተር ማሻሻያ እንዴት ይመረመራል?

በቤቱ ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉ ይህን ገጽ ያውቀዋል። ነጠብጣቦች በክብ ይዞራሉ፤ ከሥራቸውም «ማሻሻያው 35 ከመቶ ደርሷል» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከአንድ ሰዓት በላይ ይጠበቃል። በመጨረሻም «ማሻሻያውን ማጠናቀቅ አልተቻለም፤ ለውጦቹ እየተሰረዙ ነው፤ ኮምፒውተርዎን አያጥፉ» የሚል መልእክት ይመጣል። በማግስቱ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ያው ጉዳይ ከመጀመሪያው ይደገማል።

በአገራችን ለዚህ ዓይነቱ ሕመም በብዛት የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ» ይባላል። ፎርማት ማድረግ ዲስኩን አጽድቶ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫን ማለት እንደመሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ ችግሩን ያስወግዳል። ነገር ግን ከችግሩ ጋር የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የላቦራቶሪ ሪፖርቱንና የቤተሰቡን ፎቶግራፎች ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል። ሌላው ወገን ደግሞ በነገሩ ተሰላችቶ ማሻሻያውን ጨርሶ ይዘጋዋል። የመጀመሪያው መፍትሔ እስከዛሬ የተሠራውን፣ ሁለተኛው ደግሞ የነገውን ደህንነት ለአደጋ ያጋልጣል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሦስተኛውን መንገድ ነው፤ እርሱም ምርመራ ነው። ምሳሌዎቻችንን የምንወስደው በቤት ኮምፒውተሮች ላይ በብዛት ከሚገኘው ከዊንዶውስ ቢሆንም፣ መርሆዎቹ ለሌሎችም ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ያገለግላሉ።

ማሻሻያ ለምን ያስፈልጋል?

ኦፐሬቲንግ ሲስተም በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ የፕሮግራም መስመሮች የተገነባ ሥራ ነው። ይህን ያህል ግዙፍ የሆነ የሰው ልጅ ሥራ ያለ እንከን ሊወጣ አይችልም። ከእንከኖቹ መካከል አንዳንዶቹ የሚያናድዱ ብቻ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ለማያውቁት ሰው በር የሚከፍቱ ቀዳዳዎች ናቸው። ማይክሮሶፍት እነዚህን ቀዳዳዎች የሚደፍኑ ማሻሻያዎችን እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2003 ጀምሮ በየወሩ በሁለተኛው ማክሰኞ የማውጣት ልማድ አለው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ማሻሻያው በወጣ ዕለት ቀዳዳው የት እንደነበረ ለመላው ዓለም ይገለጣል። ክፉ አሳቢ የሆነ ባለሙያ አሮጌውንና አዲሱን ፋይል ጎን ለጎን አስቀምጦ በማነጻጸር ምን እንደተደፈነ ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ ማሻሻያውን ያልጫነ ኮምፒውተር ከማሻሻያው መውጣት በኋላ ከበፊቱ ይልቅ ለአደጋ ይጋለጣል።

ለዚህ ዋነኛው ምስክር «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ ነው። ቫይረሱ የተጠቀመበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ የወጣው እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2017 ነበር። ጥቃቱ የተጀመረው ደግሞ ሜይ 12 ቀን 2017 ነው። በመካከሉ 59 ቀናት ነበሩ። በእነዚያ 59 ቀናት ውስጥ ማሻሻያውን የጫኑ ኮምፒውተሮች በዚህ ቀዳዳ ሊወረሩ አልቻሉም። ያልጫኑት ግን ፋይሎቻቸው ተቆልፈው ቤዛ ተጠየቀባቸው። ወረርሽኙ በ150 ያህል አገሮች የተዳረሰ ሲሆን፣ በእንግሊዝ አገር ከሕዝብ የጤና አገልግሎት ተቋማት ሲሶ ያህሉ ሥራቸው ተስተጓጉሎ ሕመምተኞችን እስከ መመለስ ደርሰዋል።

ሰው እየኖረበት የሚታደስ ቤት

አንድ ማሻሻያ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው አምስት ደረጃዎችን ያልፋል፤ እነርሱም ፍለጋ፣ ማውረድ፣ ማረጋገጥ፣ ማዘጋጀትና መተካት ናቸው። የቱ ደረጃ ላይ እንደተሰናከለ ማወቅ የምርመራው ግማሽ ነው።

በመጀመሪያ ኮምፒውተሩ ከማሻሻያ ሰርቨር ጋር ተገናኝቶ የጎደለውን ይጠይቃል። ቀጥሎ ፋይሎቹን ያወርዳል። ይህ ሥራ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ካቆመበት እንዲቀጥል ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ መስመር ስለተቆረጠ ብቻ የወረደው ሁሉ ይባክናል ማለት አይደለም። በሦስተኛው ደረጃ የወረደው ፋይል «አሻራ» ይመረመራል። ይህ አሻራ ከፋይሉ በስሌት የሚወጣ፣ ብዙውን ጊዜ 256 ቢት ርዝመት ያለው ቁጥር ነው። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ቢት ብትለወጥ ከአሻራው ቢቶች ግማሽ ያህሉ ይለወጣሉ። ስለዚህ በመንገድ ላይ የተበላሸ ወይም በሌላ ሰው እጅ የተነካካ ፋይል ወዲያውኑ ይታወቃል፤ ኮምፒውተሩም አልቀበልም ይላል።

አራተኛውና አምስተኛው ደረጃ ከባዶቹ ናቸው። ኮምፒውተሩ እየሠራ ባለበት ጊዜ ብዙዎቹ ዋና ዋና ፋይሎች በሥራ ላይ ስለሆኑ ሊተኩ አይችሉም። ሰው እየኖረበት ያለ ቤት ግድግዳው ቀለም ሊቀባ ይችላል፤ ምሰሶው ግን ነዋሪዎቹ ለጊዜው ካልወጡ አይነቀልም። ማሻሻያው «ሪስታርት» የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። አዲሶቹ ፋይሎች በጎን ተዘጋጅተው ይቆያሉ፤ ኮምፒውተሩ ሲዘጋና ሲነሳ ነዋሪዎቹ በሌሉባት አጭር ጊዜ መተካቱ ይከናወናል።

ይህ ሥራ የሚመራበት ሕግ «ወይ ሙሉ በሙሉ፣ ወይ ጨርሶ» የሚል ነው። ከአንድ የባንክ ሒሳብ ወደ ሌላው ገንዘብ ሲተላለፍ፣ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ሳይገባ መንገድ ላይ ሊቀር እንደማይገባ ሁሉ፣ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ የሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊኖር አይገባም። ስለዚህ አንዱ ክፍል ካልተሳካ የተሠራው ሁሉ ወደኋላ ይመለሳል። እንግዲህ «ለውጦቹ እየተሰረዙ ነው» የሚለው መልእክት ተጠቃሚውን ቢያስደነግጠውም፣ በእውነቱ መከላከያው ሥራውን እየሠራ መሆኑን የሚያበስር ነው።

ለምን ይዘገያል?

«35 ከመቶ ላይ ደርቆ ቀረ» የሚለው ቅሬታ የተለመደ ነው። ጥቂት የፊዚክስ ስሌት እንሥራ። በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 90 ጊዜ ይዞራል፤ አንድ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የሚፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ የግማሽ ዙር ጊዜ፣ ማለትም 5.6 ሚሊሰከንድ ይጠበቃል። በዚህ ላይ ማንበቢያውን የተሸከመው ክንድ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሲጨመር በድምሩ 15 ሚሊሰከንድ ያህል ይሆናል። ማሻሻያው በዲስኩ ላይ በተበታተኑ 100,000 ቦታዎች ማንበብና መጻፍ ቢኖርበት፣ ለዚህ ብቻ 1500 ሰከንድ ወይም 25 ደቂቃ ያስፈልገዋል። የሚሽከረከር አካል በሌለው «ኤስ.ኤስ.ዲ.» ግን አንዱ ንባብ 0.1 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ ያው ሥራ በ10 ሰከንድ ያልቃል።

ከዚህ የምንማረው ቁጥሩ ስለቆመ ሥራው ቆሟል ማለት እንዳልሆነ ነው። የዲስኩ ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ፣ ወይም ጆሮ ጠጋ ሲደረግ የዲስኩ ድምፅ የሚሰማ ከሆነ መታገሥ ይገባል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ! ኮምፒውተሩን በኃይል ማጥፋት የሚፈቀደው መብራቱም ድምፁም ለረጅም ሰዓት ጸጥ ካሉ ብቻ ነው። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው ቻርጅ ተደርጎና ከቻርጀሩ ጋር ተያይዞ ቢሠራ መብራት ቢጠፋም አይደነግጥም። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ግን ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የኃይል ሰጪው ካፓሲተሮች የሚይዙት ክምችት ከመቶኛ ሰከንድ ብዙም ለማያልፍ ጊዜ ብቻ ነው የሚያቆየው። ስለዚህ ዩፒኤስ የሌለው ሰው ማሻሻያውን መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ሰዓት ባያስጀምር ይመከራል።

የስህተት ቁጥሩ ምን ይናገራል?

ማሻሻያው ሲከሽፍ ዊንዶውስ አንድ ረጅም ቁጥር ያሳያል። ብዙ ሰው ቁጥሩን እንደ ጥንቆላ ቃል አይቶ ያልፈዋል፤ ነገር ግን ሊነበብ የሚችል ቁጥር ነው። የተጻፈው እኛ በለመድነው በ10 መነሻ ሳይሆን በ16 መነሻ በሆነ አቆጣጠር ነው።

ለምሳሌ 80070070 የሚለውን እንውሰድ። የመጀመሪያው 8 «አልተሳካም» ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው 007 ስህተቱ ከየትኛው የስህተት ዝርዝር እንደመጣ ይናገራል፤ ይህ የዊንዶውስ መደበኛ ዝርዝር ነው። የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች፣ ማለትም 0070፣ ስህተቱ ራሱ ናቸው። በ16 መነሻ 70 ማለት 7 ጊዜ 16፣ ማለትም 112 ነው። በዝርዝሩ ላይ ቁጥር 112 «ዲስኩ ሞልቷል» ይላል። ችግሩ ይኸው ነው፤ ፎርማት አያስፈልገውም፤ ቦታ ማስለቀቅ ይበቃዋል።

በዚሁ ዘዴ 80070005 «ፈቃድ ተከልክሏል»፣ 80070002 ደግሞ «ፋይሉ አልተገኘም» ማለት ነው። 80073712 የሚለውን አንባቢ ራሱ ቢያሰላው 3712 በ10 መነሻ 14098 ሆኖ ያገኘዋል፤ ትርጉሙም የዊንዶውስ የመለዋወጫ ክፍሎች መጋዘን ተበላሽቷል ማለት ነው። ስለ መጋዘኑ ወደፊት እንመለስበታለን። 80070643 ስንፈታው 1603 ይሆናል፤ እርሱም «መጫኑ አልተሳካም» ይላል። ይህኛው የታወቀውን መልሶ ከመናገር በቀር የሚነግረን ነገር የለም።

በቅደም ተከተል መመርመር

በላቦራቶሪ እንደምናደርገው ሁሉ እዚህም ወርቃማው ሕግ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። አምስት ነገር በአንድ ላይ ለውጦ ማሻሻያው የሠራለት ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ በሚቀጥለው ወር ሲከሽፍበትም ከዜሮ ይጀምራል። እያንዳንዱን ሙከራና የታየውን የስህተት ቁጥር በወረቀት መመዝገብ ጊዜ ይቆጥባል። ቅደም ተከተሉም ከቀላሉና ጉዳት ከማያስከትለው ወደ ከባዱ መሆን አለበት።

አንደኛ፣ መጠባበቂያ ቅጂ። ከሁሉ በፊት የግል ፋይሎች ሁሉ ወደ ፍላሽ ዲስክ ወይም ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገልበጡ። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው፣ ይህ የሚደረገው ኮምፒውተሩ ገና እየተነሳ ሳለ ነው። ቅጂው በእጁ ያለ ሰው ከዚህ በኋላ የሚያጣው ነገር ቢኖር ጊዜ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ቦታ። ለወርኃዊ ማሻሻያ ጥቂት ጊጋባይት ሊበቃ ይችላል፤ ከአንዱ የዊንዶውስ እትም ወደ ሌላው ለመሸጋገር ግን ወደ 20 ጊጋባይት የሚጠጋ ነጻ ቦታ መኖር አለበት። አዲሱም አሮጌውም በአንድ ጊዜ በዲስኩ ላይ መቆየት ስላለባቸው ነው።

ሦስተኛ፣ ሰዓትና ቀን። ይህ ብዙዎች የሚዘነጉት ነው። ኮምፒውተሩ ከሰርቨሩ ጋር ሲገናኝ የሰርቨሩን የማንነት ማረጋገጫ ይመረምራል፤ ማረጋገጫው ደግሞ የሚጸናበት የተወሰነ ዘመን አለው። የኮምፒውተሩ ቀን ወደኋላ ከቀረ ማረጋገጫው ገና ያልተጀመረ መስሎ ይታያል፤ ግንኙነቱም ይቋረጣል። ባገለገሉ ኮምፒውተሮች ላይ ሰዓቱን የምታቆየው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ ስትሞት ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ወደ አሮጌ ዓመት ይመለሳል። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር የሚሞላ ሰውም ኮምፒውተሩን ከ7 እስከ 8 ዓመት ወደኋላ ይወስደዋል። በማሽኑ ውስጥ ያለው ቀን ምንጊዜም በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሞላት አለበት።

አራተኛ፣ ትርፍ ዕቃዎች። ፍላሽ ዲስክ፣ ፕሪንተርና ውጫዊ ዲስክ ይነቀሉ። ከሌላ ድርጅት የተጫነ ጸረ-ቫይረስ ካለ ለጊዜው ይነሳ፤ ጸረ-ቫይረስ የስርዓቱን ፋይሎች ስለሚጠብቅ ማሻሻያውን ራሱን እንደ ሌባ ሊቆጥረው ይችላልና።

አምስተኛ፣ የወረደው ክምችት። የወረዱት ማሻሻያዎች የሚቀመጡት በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «ሶፍትዌር ዲስትሪቢውሽን» በሚባል ፎልደር ነው። ይህ ክምችት ሲበላሽ ኮምፒውተሩ ያንኑ ብልሹ ፋይል ደጋግሞ ሊጭን ይሞክራል። መፍትሔው የማሻሻያውን አገልግሎትና የማውረጃውን አገልግሎት አስቁሞ የፎልደሩን ስም መለወጥ፣ ከዚያም አገልግሎቶቹን መልሶ ማስነሳት ነው። ዊንዶውስ አዲስ ፎልደር ራሱ ይፈጥራል። ከመሰረዝ ይልቅ ስም መለወጥን የምንመርጠው አስፈላጊ ሲሆን ወደ ነበረበት ለመመለስ እንዲቻል ነው።

ስድስተኛ፣ መጋዘኑ። ዊንዶውስ የክፍሎቹን ጤነኛ ቅጂ የሚያኖርበት መጋዘን አለው። የስርዓቱን ፋይሎች የሚመረምረው «ኤስ.ኤፍ.ሲ.» የተባለው መሣሪያ የተበላሸ ፋይል ሲያገኝ መለወጫውን የሚያመጣው ከዚህ መጋዘን ነው። ነገር ግን መጋዘኑ ራሱ የተበላሸ ከሆነ ከታመመ ሰው ደም ወስዶ ለሌላ ሕመምተኛ እንደመስጠት ይሆናል። ስለዚህ በቅድሚያ መጋዘኑን የሚጠግነው «ዲ.አይ.ኤስ.ኤም.» የተባለው መሣሪያ ይሠራ፤ ከዚያ በኋላ ኤስ.ኤፍ.ሲ. ይከተል። ሁለቱም በአስተዳዳሪ ፈቃድ ከተከፈተ የትእዛዝ መስኮት ይታዘዛሉ። ዲ.አይ.ኤስ.ኤም. የጎደለውን ከኢንተርኔት የሚያወርድ መሆኑን ግን በሞባይል ዳታ የሚጠቀም ሰው ልብ ይበል።

ሰባተኛ፣ በላዩ ላይ መልሶ መጫን። ይህ ሁሉ ካልሠራ ከማይክሮሶፍት ሕጋዊ ገጽ በወረደና ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሚይዝ ፍላሽ ዲስክ ላይ በተዘጋጀ ዊንዶውስ፣ ፋይሎችንና ፕሮግራሞችን ሳያጠፉ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን በላዩ ላይ መጫን ይቻላል። ይህ ፎርማት አይደለም። አንድ ፍላሽ ለአንድ የመኝታ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ ሊያገለግል ስለሚችል የኢንተርኔት ወጪንም ይቀንሳል።

ኮምፒውተሩ ጨርሶ አልነሳ ሲል

አንዳንዴ ማሻሻያው ወደኋላ መመለስ እንኳ ሳይችል ይቀርና ኮምፒውተሩ አይነሳም። ዊንዶውስ በተከታታይ መነሳት ሲያቅተው የጥገና ገጽ በራሱ ይከፍታል። በዚያ ገጽ ውስጥ የመጨረሻውን ማሻሻያ ብቻ ነቅሎ የማውጣት ምርጫ አለ፤ ብዙውን ጊዜ የሚያድነው ይህ ነው። ወደ አዲስ እትም ተሸጋግሮ ችግር የገጠመው ሰው ደግሞ አሮጌው እትም ለ10 ቀናት ስለሚቆይለት ወደ እርሱ መመለስ ይችላል። ዲስኩ የተመሰጠረ ከሆነ ግን የጥገናው ገጽ 48 አሃዝ ያለው የማስከፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥሩ ከሌለ ፋይሎቹን ማንም ባለሙያ ሊከፍታቸው አይችልም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ሳለ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ማኖር ብልህነት ነው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 «ክራውድስትራይክ» የተባለው የደህንነት ድርጅት ያሰራጨው አንድ ጉድለት ያለበት ፋይል በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አላስነሳ ብሎ የአየር መንገዶችን፣ የባንኮችንና የሆስፒታሎችን ሥራ አስተጓጉሏል። ይህ የዊንዶውስ የራሱ ማሻሻያ ባይሆንም መድኃኒቱ ከላይ ከጠቀስነው ጋር ይመሳሰላል፤ ኮምፒውተሩን በአስተማማኝ ሁኔታ አስነስቶ አንዱን ፋይል መሰረዝ ነበር። ዲስኮቻቸውን ያመሰጠሩ ድርጅቶች ግን በቅድሚያ ያንን 48 አሃዝ ቁጥር መፈለግ ግድ ሆኖባቸዋል።

ጥፋቱ የተጠቃሚው ሳይሆን ሲቀር

ምርመራው ሁልጊዜ ጥፋቱን በቤት ውስጥ አያገኘውም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ለዊንዶውስ 10 የወጣ አንድ የደህንነት ማሻሻያ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በ80070643 ቁጥር ደጋግሞ ይከሽፍ ነበር። ይህ ቁጥር «መጫኑ አልተሳካም» ከማለት ያለፈ እንደማይናገር ከላይ አይተናል። እውነተኛው ምክንያት የጥገናው ገጽ የሚኖርበት የዲስክ ክፋይ ጠባብ ሆኖ ተጨማሪ 250 ሜጋባይት ነጻ ቦታ ማጣቱ ነበር። ዋናው ዲስክ ባዶ ቢሆን እንኳ አይጠቅምም ነበር። ማይክሮሶፍት ራሱ መታየት የነበረበት የቦታ እጥረት መልእክት በስህተት በሌላ መተካቱን አምኗል። ለችግሩም ተጠቃሚው የዲስኩን ክፋይ በእጁ እንዲያሰፋ መመሪያ ከመስጠት በቀር ወዲያው የሚሠራ መድኃኒት አልነበረውም።

ኦክቶበር 2018 ላይ የወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ደግሞ የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን የግል ፋይሎች ደምስሶ በመገኘቱ ስርጭቱ ታግዶ እስከ ኖቬምበር ቆይቷል። ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች የምንወስደው ትምህርት ማሻሻያ አይጫን የሚል አይደለም። ወርኃዊዎቹ የደህንነት ማሻሻያዎች ፈጥነው ይጫኑ፤ ትልልቆቹ የእትም ሽግግሮች ግን ጥቂት ሳምንታት ቢዘገዩ የሚያስከትሉት ጉዳት የለም። ፈተና ወይም የጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን በተቃረበበት ሳምንትም ዊንዶውስ ማሻሻያን ለጊዜው የሚያቆምበትን ምርጫ መጠቀም ተገቢ ነው።

ማሻሻያ የማይመጣላቸው

በመጨረሻም ፍለጋው «ምንም አዲስ ነገር የለም» ብሎ የሚመለስባቸው ኮምፒውተሮች አሉ። ይህ የጤና ምልክት ላይሆን ይችላል። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ማለትም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገር የሚፈልግ ኮምፒውተር ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ዲስክና «ቲ.ፒ.ኤም. 2.0» የተባለ የደህንነት ክፍል ሊኖረው ይገባል። እነዚህን የማያሟላ ኮምፒውተር አልቀበልም ቢባል ብልሽት አይደለምና በከንቱ ለመጠገን መድከም አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ማሽን እንደ ኡቡንቱ ባሉ ያለ ክፍያ በሚገኙ የሊኑክስ ስርዓቶች ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ የደህንነት ማሻሻያም ይደርሰዋል።

እንግዲህ አንባቢያን በሚቀጥለው ጊዜ ያ መልእክት ሲመጣባችሁ ወደ ጥገና ቤት ከመሮጣችሁ በፊት ቁጥሩን መዝግቡ፤ በ10 መነሻ ለውጡት፤ ፋይሎቻችሁን ገልብጡ፤ ከቀላሉ ጀምራችሁ አንድ በአንድ ፈትሹ። ባለሙያ ዘንድ መሄድ ግድ ቢሆን እንኳ የተሞከረውና የታየው በወረቀት ላይ የሰፈረለት ሰው ለባለሙያው የግማሹን መልስ ይዞለት ይሄዳል። «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ምክር የሚሰማው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ቅጂው በእጅ ካለ ብቻ።